የሰው ልብስ የራስ የሚሆነው መቼ ነው?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ይህ ተረት በቤኒሻንጉል ሲነገር ግን ጣጣ አለው። የግብፁ መሐመድ ዓሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1820 እና በ1821 ወደ ሱዳን የዘመተው ባሪያና ወርቅ ፍለጋ ነበር፤ ወርቅ አለባቸው ተብለው ከታሰቡት ስፍራዎች መካከልም ፋዞግሊና ቤኒሻንጉል ይገኙበታል። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን የተመራው የምኒልክ ዘመቻም ወርቁን ሳያስብ አልመጣም። ከዚያ በኋላ የአሶሳው ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን ለአዲስ አበባ ሲገብሩ የኖሩት ወርቅ ነው። የበርታ ሰው ከወንዝ አሸዋ አጥቦ ያወጣው ወርቅ እንግዲህ የሌላውን ደጅ ሲያደምቅ ኖሯል፤ አብሮት በባርነት የተነዳው ሰውም የሌላውን ቤት ሲያገለግል። በልዋጩ ወደዚህ ከገቡት ዕቃዎች መካከል ጨው፣ ዶቃና ጨርቅ ነበሩ። በዚያው በሱዳን በኩል ደሙር የሚባለው የጥጥ ጨርቅ በገበያ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ስለነበር፣ ሰው ገላውን የሚሸፍንበትና ዕዳውን የሚከፍልበት አንድ ነገር የሆነበት ጊዜም አለ። ከሩቅ በመጣ ጨርቅ ማጌጥ በዚህ ምድር ከቦንዳ፣ ከባሕር ማዶ ታስሮ ከሚመጣው ልባሽ ልብስ፣ ጋር የተጀመረ ነገር አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ከተባለ ታዲያ፣ የሰው ልብስስ? ፈረንጅ ለብሶ የጣለውን ሸሚዝ በትንሽ ብር ገዝቶ፣ አስጠብቦ፣ አሳጥሮ የሚለብስ የአሶሳ ወጣት ቄንጡ የራሱ ነው ወይስ የውሰት? የራሱ ነው ባይ ነኝ። ልብስ የሰው መሆኑን የሚያቆመው ለባሹ ሲመርጠውና እጅ ሲያርፍበት ነው፤ መጀመሪያ ማን እንደገዛው የታሪኩ መነሻ ቢሆን ነው።

መምረጥ ስል ቀላል ነገር ማለቴ አይደለም። ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ የጉምሩክ ኮሚሽን በየጊዜው ያዝኩ ብሎ በሚያወጣው የኮንትሮባንድ ዝርዝር ውስጥም ልባሽ ጨርቅ ቋሚ ደንበኛ ነው። ሆኖም በቶጎ ውጫሌ፣ በሞያሌ፣ ሌላም ሌላም ድንበር እየዘለቀ የአገሪቱን ገበያ ሁሉ ያዳርሳል፤ ከሱዳን ጋር ረጅም ድንበር የሚጋራው ይህ ክልልም ከዚያ ውጭ አይደለም። ቦንዳው ተፈትቶ ሸራ ላይ ሲዘረገፍ ገዢው መጀመሪያ እጁን ይልካል፤ ዓይን ገና ሳያይ ጣት ይፈርዳል፣ ጥጥ ነው፣ ናይለን ነው፣ ሱፍ ነው እያለ። ከዚያ ኮሌታው ይገለበጣል፣ መታጠፊያው ላይ ክሩ ተበልቶ እንደሆነ ይታያል። ብብቱ ላብ ያቃጠለው መሆን አለመሆኑ፣ የሱሪው መቀመጫ ወደ ፀሐይ ሲነሣ ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል፤ ዚፑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳባል፤ በመጨረሻ ልብሱ ውስጡ ወደ ውጭ ተደርጎ ስፌቱ ይነበባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ስለ ጨርቅ የሚያውቀው፣ መስታወት ቤት ውስጥ የተሰቀለውን አዲስ ሸሚዝ ከሚገዛው ሰው ይበልጣል። ቡቲኩ ውስጥ ነጋዴው አስቀድሞ ፈርዷል፤ ዘንድሮ የሚለበሰው ይህ ነው ብሎ በአምስት ልክ አምጥቶ ሰቅሎታል፤ ለገዢው የቀረለት ቀለምና ዋጋ ነው። ቦንዳ ላይ ግን አንድ ዓይነት ሁለት አይገኝም። ለብሶ ያማረበትን ሰው አይቶ የዚያን ቢጤ ስጡኝ ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ሰው ራሱን፣ ትከሻውን፣ ጠይምነቱን፣ የሚውልበትን ሥራ ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

ምርጫ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው ግልጽ ማስረጃ ምርጫ የሌለበት ቦታ ነው፤ ይህ ክልል ደግሞ ያንን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ደርግ ሕዝብ ከወሎ እያፈሰ ወደ አሶሳና ወደ መተከል ባሰፈረበት ዘመን፣ ከውጭ አገር ሕዝብ በእርዳታ የተሰበሰበ ልባሽ ልብስ ከስንዴውና ከዘይቱ ጋር ወደ አገሪቱ ይጎርፍ ነበር። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሸርቆሌ፣ በኋላም በባምባሲና በጾሬ፣ አሁን በኡራ ከሱዳን የሸሹ ሰዎች ተጠልለዋል፤ የካርቱሙ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገባው ብዙ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በካማሺና በመተከል በተነሣው ግጭትም ገላው ላይ ያለውን ብቻ ይዞ ከቤቱ የወጣ ሰው ቁጥር ቀላል አልነበረም። በእርዳታ ሰልፍ ልብስ የሚሰጠው ሰው የትኛው ያምርብሃል ተብሎ አይጠየቅም፤ ሊጠየቅም አይችል ይሆናል፣ ሰልፉ ረጅም ነው። አሁን አንድን ሰማያዊ ሸሚዝ እናስብ። በሰልፉ ላይ ሲታደል ምጽዋት ነው። ያው ሸሚዝ ገበያ ላይ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ተከራክረውበት ሲገዛ ግን ጌጥ ነው። ጨርቁ አልተለወጠም፣ የቀድሞው ባለቤትም ያው ፈረንጅ ነው፣ እድፉም ያው እድፍ ነው። የተለወጠው የለባሹ ፈቃድ ብቻ ነው። ልብስን የሚያዋርደው የሰው መሆኑ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ባዋረዱ ነበር።

ነገሩን ከዚህም አርቀን መመርመር እንችላለን። ነጠላን እንውሰድ። ያልተቆረጠ፣ ልክ የሌለው፣ ወፍራሙም ቀጭኑም የሚለብሰው ጨርቅ ነው። ሆኖም ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣላል፤ በታላቅ ሰው ፊት ይደገደጋል፤ ለለቅሶ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። አንዲት ሴት በአንድ ነጠላ ጠዋት አስቀድሳ፣ ቀን ለቅሶ ደርሳ፣ ማታ ሰርግ ልትቀመጥ ትችላለች፤ በየደረሰችበትም የምትለው ነገር ሌላ ነው። የበርታ ሴቶች የሚለብሱት የሱዳን ቶብም እንዲሁ ነው፤ 4 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ስስ ጨርቅ፣ ያለ አንድ ቁልፍ፣ ያለ አንድ ስፌት ተጠምጥሞ ከራስ ላይ የሚያርፍ። ቶብ ዛሬ ሲታይ የአካባቢው መለያ ነው፤ ማንም የውጭ ልብስ ነው አይለውም። ነገር ግን ጨርቁ ለረጅም ዘመን የሚሸመነው በእንግሊዝና በስዊዘርላንድ ፋብሪካዎች ነበር፤ ሸማኔው ያላያትን ሴት፣ ሴቲቱም የማታውቀውን ፋብሪካ ያገናኘው ንግድ ነው። የእሷ ያደረገው አጠማጠሟ ነው፣ ከራስ ላይ ሲንሸራተት መልሳ የምታነሣበት እጅ ነው። ጨርቅ ከነጭራሹ ሳይኖርም ጌጥ ሊኖር እንደሚችል ደግሞ የጉሙዝ ሴቶች አሳይተውናል፤ በፊትና በገላ ላይ በጠባሳ የተሣለው ጌጥ፣ በዶቃው ላይ ተጨምሮ፣ ማን እንደሆኑና ከየት እንደሆኑ ይናገር ነበር። ደገኛው ይህን ሳያነብ ራቁታቸውን ናቸው እያለ ሲንቅ ኖረ። (ንቀቱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ልብስ ስልጣኔ ነው የሚለው ሐሳብ ከየትኛውም ቦንዳ ይልቅ ብዙ ሰው አሳፍሯል።) ቄንጥ እንግዲህ ጨርቁ ላይ ተሰፍቶ ከፋብሪካ አይመጣም። ቢመጣማ ነጠላ የለበሰ ሁሉ አንድ በመሰለ።

የተሰፋ ልብስ ግን ከነጠላና ከቶብ ይለያል፤ ሌላ ገላ አስቀድሞ ተቆርጦበታል። የሰው ልብስነቱ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ወገቡ ይሰፋል፣ እጅጌው ጣት ይሸፍናል። ስለዚህ ከምርጫው ቀጥሎ እጅ ያስፈልጋል፣ ይህም የልብስ ሰፊው እጅ ነው። አዲስ ልብስ መስፋትና የተሰፋውን ማደስ አንድ ሥራ አይደሉም። የሚያድስ ሰው መጀመሪያ ይተረትራል፤ ሲተረትርም የማያውቀው ሌላ ሰፊ የት ላይ እንደደከመ፣ የት ላይ እንዳታለለ ያገኘዋል። ደህና የተሰፋ የድሮ ሱሪ ከኋላው ስፌት ውስጥ አንድ ሁለት ጣት ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጦለታል፤ ለባሹ ቢወፍር ይለቀቅለታል፣ ቢከሳ ይያዝለታል። ዛሬ በርካሽ የሚመጣው አዲስ ሱሪ ጠርዙ ድረስ ተቆርጦ በኦቨርሎክ ስለሚዘጋ ውስጡ የተረፈ ነገር የለም፤ የተሰፋው ለአንድ ገላና ለአንድ ዓመት ነው። በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ኮት ማስገልበጥ የታወቀ ነገር ነበር። የሱፍ ኮት ፊቱ ሲነጣ ውስጡ ገና ቀለሙን እንደያዘ ነው፤ ሰፊው ኮቱን ሙሉ በሙሉ ተርትሮ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ አዙሮ፣ እንደገና ይሰፋዋል። ሥራው ባማረ ቁጥር የሚያጋልጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። ዓይን ያለው ሰው ቀኝ ደረት ላይ ኪስ ሲያይ ኮቱ ሁለተኛ ዕድሜው ላይ እንዳለ ያውቃል። ለእኔ ግን ያ ኪስ የድህነት ምልክት አይደለም፤ ባለቤቱ በዚህ ኮት ላይ አስቦበታል የሚል ምስክር ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሣል፤ እጁ የሰፊው ከሆነ ቄንጡስ የሰፊው አይሆንም? በከፊል ነው፣ ይህን አልክድም። ሆኖም ሰፊው ጠመኔውን ይዞ ሲቆም የሚሰማው ቃል አለ። «ከወገቡ አጥብብልኝ፣ ጭኑን ግን አትንካ»፣ «ኮሌታውን ንቀለውና ያለ ኮሌታ አድርገው»፣ «ይህን ቀሚስ ከጉልበት በታች ቆርጠህ በተረፈው ኪስ አውጣልኝ»። ሰፊውም ዝም ብሎ አይታዘዝም፤ ይህ ጨርቅ ሽንሽን አይዝም፣ ያኛው ከተተረተረ የመርፌው ቀዳዳ ይታያል ይላል። ከሁለት ፍርድ መካከል የሚወጣው ልብስ ፋብሪካው ያላሰበው፣ ሌላ ሰው ላይም የማይገኝ ነው። ለአሶሳ ሙቀት የማይሆን የአውሮፓ ካፖርት እንኳ ገበሩ ለቀሚስ፣ ሱፉ ለልጅ ሰደርያ ይሆናል። ይህን ያህል ለውጥ ካለፈ በኋላ የፈረንጅ ልብስ ነው ማለት፣ ከዚሁ ካፖርት የወጣውን ሰደርያ የለበሰውን ሕፃን ፈረንጅ ከማለት አይለይም።

የሚከብደው ተቃውሞ ከሥነ ምግባር በኩል ይመጣል። ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ወሬ ነው፣ የሚል። ድሀው ቦንዳ የሚገዛው ቄንጥ ፈልጎ ሳይሆን አጥቶ ነው፤ ማጣቱን ምርጫ ብሎ መሰየም መከራውን በክር ማስጌጥ ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት። ድህነት ቄንጥ አይወልድም፤ ክምር ሥር ለግማሽ ቀን ለመቆፈር የሚያስችል ጊዜም ራሱ ሀብት ነው፤ ውኃ ቀድታ፣ ከሰል ተሸክማ፣ ልጅ አዝላ የምትውል ሴት ይህ ጊዜ የላትም። ድሀ መርጦ መልበሱን የማመሰግነው ድሀ ስለሆነ ሳይሆን ስለመረጠ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ቢጨመርለት ይበልጥ ይመርጥ ነበር። ሆኖም ተቃውሞው ሌላ ስሕተት ያዝላል፤ ድሀ የሚያስፈልገው መሸፈን ብቻ ነው፣ ማማር የሀብታም ጉዳይ ነው ብሎ ያስባል። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የአገሮች ሀብት በሚለው መጽሐፉ ስለ ተልባ እግር ሸሚዝ ያነሣው ነገር ለዚህ መልስ ይሆናል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያለ ተልባ እግር በደህና ኖረዋል፤ በእሱ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛው እንኳ ያንን ሸሚዝ ሳይለብስ አደባባይ መውጣት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ሸሚዙ ከምግብ እኩል የግድ ነው አለ። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ልብሱ ካሳፈረው እጁን አያነሣም፣ አይጠይቅም፣ ከፊት ወንበር አይቀመጥም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ልኩ የሆነ የቦንዳ ጃኬት ቅንጦት አይደለም፤ አደባባይ መውጫው ነው።

የሙታን ልብስ ነው፣ በሽታ አለበት የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ የፈላ ውኃና ሳሙና፣ ቀጥሎም የካውያ ሙቀት አብዛኛውን ይመልሱታል። የውስጥ ልብስንና ጫማን ግን እኔም አልከራከርላቸውም። ቦንዳ ወጣቱን የማያውቀው ቡድን ማሊያና የማያነበው ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ተሸካሚ አደረገው የሚለው ግን ተገቢ ወቀሳ ነው፤ ይህ ሳይመርጡ መልበስ ነው፣ ልብሱ አዲስ ቢሆንም ወቀሳው አይቀርም።

ከሁሉ የበለጠ ዕረፍት የሚነሣኝ የአገር ውስጥ ሥራ ጉዳይ ነው። ጋርዝ ፍሬዘር የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ከ1981 እስከ 2000 በአፍሪካ የልብስ ምርት ለደረሰበት ማሽቆልቆል 40 በመቶ ያህሉ ከባሕር ማዶ በመጣ ልባሽ ልብስ ሳቢያ ነው ብሏል። ሩዋንዳ ይህን አስባ እ.ኤ.አ. በ2016 በልባሽ ልብስ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 አሳደገች፤ በዚህም የተነሣ አሜሪካ በ2018 የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ፣ ማለትም ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ አገደች። በጋና አክራ ያለው የካንታማንቶ ገበያ ደግሞ የሚመጣለት ልባሽ ጥራቱ እየወረደ፣ ያልተሸጠው ወደ ባሕር ዳርቻ እየተጣለ መከራ ሆኖበታል። ይህን ያወቀ ሰው ቦንዳን በደፈናው ማወደስ አይችልም። ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ተከልክሎም የአሶሳን ሰው የሚያለብስ ፋብሪካ አልተነሣም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ይሰፋ የነበረው ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ ሥራው ተናጋ እንጂ ሸሚዙ ወደ አሶሳ አልዞረም። እንዲያውም ከሐዋሳ የወጣ ሸሚዝ በኒውዮርክ ተለብሶ፣ ተጥሎ፣ በቦንዳ ታስሮ ቢመለስ አይገርመኝም። ሸማኔውም ቢሆን ገበያው በዓልና ሰርግ ነው፤ በጂንስ ሱሪ ምክንያት የቀረ ነጠላ ብዙ አይመስለኝም።

የእውነት የተጎዳው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ጨርቅ በሜትር ገዝቶ፣ ተለክቶ፣ ለበዓል የሚያሰፋበት ዘመን ነበር፤ በአንድ በኩል ልባሹ፣ በሌላ በኩል ርካሹ የቻይና አዲስ ልብስ ይህን ሥራ ከእጁ ወሰዱበት። ዛሬ መኪናውን ከሱቅ በረንዳ ላይ አቁሞ የቀረለት ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር ነው። የሰውን ልብስ የራስ የሚያደርገው እጅ ነው ብዬ የተከራከርኩት ስለዚሁ እጅ ነው፤ ክርክሬ ልክ ከሆነ ደግሞ የቦንዳ ለባሽ ሁሉ ለዚህ ሰው ባለዕዳ ነው። የምናየው ግን ሌላ ነው። ጃኬቱን በርካሽ አገኘሁት ብሎ የሚኮራው ሰው ሰፊው ጋ ሲደርስ ለአንድ እጅጌ በአሥር ብር ይጨቃጨቃል፤ ልብሱ ላይ ያተረፈውን ሰፊው ላይ ደግሞ ሊያተርፍ ይፈልጋል። በክልሉ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከአዲስ ጨርቅ ቆርጦ መስፋትን ሲያስተምሩ መተርተርን፣ መገልበጥን፣ ከአንድ ካፖርት ሁለት ልብስ ማውጣትን እንደ ሙሉ ሙያ ቢያስተምሩ፣ ሙያውም በስሙ ተጠርቶ ዋጋ ቢወጣለት ይገባል። ያ እስኪሆን ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከቦንዳ ክምር ላይ እንደ ልብህ ተከራከር፤ ልብስ ሰፊው የጠየቀህን ግን ሳትቀንስ ክፈል።